ጭራቁን ከየት አመጣነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። የጉባኤያችን አባል የሆነች አንዲት እናት ነበረች። የጌታን ሰላምታ በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጆቻችን በእርስዎ ቤት አጋንንት የሚጠራ ጨዋታ ይጫወታሉ የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። አጋንንት የጠራ የለም፤ ጨዋታው ግን አለ። በእኔው ሳሎን፣ በእኔው ጠረጴዛ፣ እኔው እያወቅሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከቨርጂኒያ መጥቶ እዚህ ሐይቅ እኛ ዘንድ ሰነበተ። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል፣ ልቡ ግን ደግ ነው። ዝናቡ ከቤት አላስወጣው ሲል ከወጣት መዘምራኑ አምስት ልጆች ሰብስቦ ከአሜሪካ ይዞት የመጣውን ጨዋታ ያስተምራቸው ጀመር። ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። ልጆቹ ጠረጴዛ ይከባሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፦ አንዱ ወታደር፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ሌባ። ተራኪው «ከዋሻው ውስጥ ድምፅ ሰማችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነርሱ ይመልሳሉ፣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጥላሉ፣ ቁጥሩ ይፈርዳል። እኛ በልጅነታችን እሳት ከበን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን እንደምንቀመጠው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሰሚውም በተረቱ ውስጥ ገብቶ መናገሩ ነው።

ሥዕሎቹን ግን አይቻለሁ፤ ያስፈራሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ከልጁ ተውሼ ሦስት ሌሊት አነበብሁት። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ያስተማሩን አንድ ነገር ቢኖር ሳታነብብ አትፍረድ የሚለው ነውና።

ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ የጭራቆች መዝገብ የሚባል መጽሐፍ ታተመለት። የእያንዳንዱ ጭራቅ መልክ፣ ጉልበት፣ መኖሪያና ጠባይ ተራ በተራ የተጻፈበት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ወጥቷል። ሳነብ የገረመኝ ነገር፣ ከእነዚህ ጭራቆች ብዙዎቹን ጸሐፊዎቹ ከራሳቸው አለመፍጠራቸው ነው። ለቅመዋቸው ነው። ፀጉሯ እባብ የሆነችውንና ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ የሆነውን ከግሪኮች ወሰዱ። ቲያማት የምትባለውን ከባቢሎናውያን የባሕር ተረት አመጡ፤ በጨዋታው አምስት ራስ ያላት ዘንዶ አደረጓት። ታራስክ የሚሉት ግዙፍ አውሬ ታራስኮን ከምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ የመጣ ነው። የከተማው ሰዎች በተረታቸው ያንን አውሬ በመቀነቷ አስራ ያመጣችው ማርታ ናት ይላሉ፤ ሉቃስ 10 ላይ በማጀቱ ሥራ ስትባክን የምናውቃት ያቺው ማርታ! (ወንጌሉ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም፤ ግን እህቶቼ ሆይ፣ ከማጀት ያወጣት ተረት እንዳለ ብታውቁት ደስ ይላችኋል ብዬ ነው።) ሁለት ሦስቱ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ምንጭ አላቸው። ጋይጋክስ ከሱቅ ከገዛቸው ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻዎች መካከል ምንነታቸው የማይታወቁትን አንሥቶ ስም አወጣላቸው። ብረት የሚያዝገው ጭራቅና ግማሽ ጉጉት ግማሽ ድብ የሆነው አውሬ እንደዚያ ተወለዱ።

ከቅዱሳት መጻሕፍትም ወስደዋል። በ1977ቱ መዝገብ ከተዘረዘሩት የሲኦል አለቆች አንዱ አስሞዴዎስ ነው፤ ስሙ የመጣው ከመጽሐፈ ጦቢት ነው። ይህ መጽሐፍ በእኛ 66 ውስጥ የለም፣ በኦርቶዶክስ ወገኖቻችን 81 ውስጥ ግን አለ። ሌላው ብዔል ዜቡል ነው፤ ፈሪሳውያን ጌታን የከሰሱበት ስም (ማቴዎስ 12፥24)። ፋይናል ፋንታሲ በሚባለው የጃፓን ጨዋታ ደግሞ ከመጽሐፈ ኢዮብ የተወሰዱት ብሔሞትና ሌዋታን አሉ።

እዚህ ላይ ደስ አላለኝም፤ አልደብቅም። ሰይጣን አለ ብዬ አምናለሁ፤ አገልግሎቴ ከእርሱ እስራት ሰዎች ሲፈቱ ያየሁበት ነው። የርኩስ መንፈስ ስም የዳይስ ቁጥር የሚወጣለት መጫወቻ ሲሆን ልቤ ይቀፈዋል፤ ለእህቴም ልጅ ይህንኑ ነግሬው እነዚያን ገጾች ዘልሎ እንዲጫወት ተስማምተናል። ነገር ግን የዚህ ፍርሃት ታሪክ ጥንቃቄ ያስተምራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ወጣት ራሱን አጠፋ፤ እናቱ ፓትሪሺያ ፑሊንግ ጥፋቱን በዚህ ጨዋታ ላይ አድርጋ በዓመቱ ማኅበር መሠረተች። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተከተሏት፤ ጨዋታው የሰይጣን አምልኮ ማሰልጠኛ ነው ተብሎ ተሰበከ። በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ጨዋታው ወጣቶችን ወደ ሞት እንደሚነዳ ማስረጃ አላገኙም። የልጇን ሬሳ ያየች እናት ምክንያት ብትፈልግ እኔ በእርሷ አልፈርድም። የሰበኩትን ግን እጠይቃለሁ፦ ያ ልጅ በሕይወት ሳለ ማን አናገረው? አሳታሚውም በ1989 እትም «ጋኔን» እና «ዲያብሎስ» የሚሉትን ቃላት አውጥቶ ለፍጥረቶቹ የፈጠራ ስም ሰጣቸው፤ በ2000 እትም ቃላቱ ተመለሱ። በዚህ መካከል ሰይጣን አልከበደም፣ አልቀለለም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ጸሐፊዎችም እኮ በዙሪያቸው የነበሩ ሕዝቦች ስለ ባሕር ጭራቅ የሚያወሩትን ያውቁ ነበር። ስሙን አልፈሩትም። ስሙን ወስደው ከእግዚአብሔር እግር ሥር አኖሩት። በመዝሙር 74 የሌዋታን ራሶች ይቀጠቀጣሉ፤ በመዝሙር 104 ደግሞ ያው ሌዋታን እግዚአብሔር በባሕሩ እንዲጫወት የፈጠረው ፍጥረት ሆኖ እናገኘዋለን።

በሁለተኛው ሌሊት ልጁ ከታብሌቱ ላይ የድሮውን መዝገብ ከፍቶ፣ «አጎቴ፣ ይሄኛው እኮ ከዚህ አገር ነው» አለኝ። ካቶብሌፓስ የሚባል አውሬ ነው። ስሙ በግሪክ ቋንቋ ቁልቁል ተመልካች ማለት ነው። ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ በአንደኛው መቶ ዓመት እንደጻፈው፣ ይህ አውሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ብዙዎች የዓባይ መነሻ ነው በሚሉት ምንጭ አጠገብ ይኖራል። ራሱ ከመክበዱ የተነሣ ሁልጊዜ ወደ መሬት ያቀረቅራል፤ ይህም ለሰው ልጅ በጀ፤ ዓይኑን ያየ ሁሉ ወዲያው ይሞታልና። ያው ጸሐፊ ጅብ በእረኞች ማደሪያ አጠገብ አድብቶ የአንዱን ስም ይሰማና፣ በሰው ድምፅ በስሙ ጠርቶ አስወጥቶ ይበላዋል ይላል። ከጅብና ከኢትዮጵያ እንስት አንበሳ የሚወለደውም አውሬ እንደዚሁ የሰው ድምፅ ያስመስላል። ሊዩክሮታ የሚባለው በድምፅ አታላይ ጭራቅ ከዚሁ ዘር ነው፤ እስከ ዛሬ በጨዋታው ውስጥ አለ። እርግጥ ለግሪኮችና ለሮማውያን «ኢትዮጵያ» ማለት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር ሁሉ ነበር፤ አምባሰልን ብለው አይደለም። ሆኖም እናቴ «ማታ ስምህ ሲጠራ ማን እንደሆነ ሳታጣራ አቤት አትበል» ስትለኝ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ያንን ገጽ ሳነብ ፀጉሬ ቆሟል።

አያችሁ፤ ሮም ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ጭራቁን ከሩቅ አገር ያመጣል። እኛ ለእርሱ ሩቅ ነን፤ ስለዚህ ጭራቆቹን እኛ ዘንድ አኖራቸው። ያላየነው፣ ያልቀረብነው፣ አብረነው ያልበላነው ሰው ባለበት ስፍራ ጭራቅ ማብቀል ቀላል ነው። ይህን ጽፌ በዚሁ ላበቃ ነበር፤ ለሰንበት ትምህርት ጥሩ ርእስ ይወጣዋል። በማግሥቱ የሆነው ነገር ግን አላስቻለኝም።

ልጆቹ ተሰብስበው ነበር። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜያለሁ። የእህቴ ልጅ፣ «የእናንተን አገር ጭራቆች ንገሩኝ፤ ለራሳችን መዝገብ እንሥራ» አላቸው። እንዴት እንደተሻሙ ባያችሁ! አንዱ ሕፃን የሚበላውን ጭራቅ አለ። አንዷ አርዌን አመጣች፤ በአገራችን አፈ ታሪክ አራት መቶ ዓመት ነገሠ የሚባለውንና ሕዝቡ ይገብርለት የነበረውን ዘንዶ፣ አንጋቦ ገደለው የሚባለውን። አንዱ የአያቱን ክታብ አስታውሶ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያንና በፈረሱ ሆኖ የወጋትን ሱስንዮስን ተረከ። ጅኒ ተባለ፣ ዛር ተባለ፣ አያ ጅቦ ተባለ። ልጁ ደስ ብሎት ሁሉንም ይጽፋል። ከዚያ አንደኛው፣ «ቡዳን ረሳነው!» አለ።

«ቡዳ ምንድን ነው?» አለ የእህቴ ልጅ።

«ቀን ሰው ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል። በዓይኑ ይበላል።»

ልጁ ስሙን ጻፈና የመዝገቡን ጥያቄ በየዋህነት ቀጠለ፦ «የት ነው የሚኖረው?»

«እዚያ ማዶ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ።»

ሳቁ ሳያልቅ አንዲት ልጅ ብድግ አለች። በመዘምራኑ ውስጥ ድምፅዋ ከሁሉ የሚያምረው ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ምንም አልተናገረችም፤ በአጠገቤ አልፋ ወደ ጓዳ ገባችና የታጠበውን ሲኒ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ ስለ ጨዋታው ስልክ የደወሉልኝ ወላጆች አራት ናቸው። ስለዚህች ልጅ የደወለ የለም።

ቡዳ የሚለውን ነገር ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ እኛም «ጌታን የተቀበልነው» ጭምር በእኩል እናወራዋለን። በዚህ እንኳ አንድ ሆነናል ልበል? ሥሩ ግን ረጅም ነው። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ቆዳ ይፋቃል፣ ይሸምናል። ገበሬው ማረሻውን ከእርሱ ይገዛል፤ ዓይኑን ግን ይፈራል። ድስቱን ከእርሷ ይገዛል፤ በዚያው ድስት የተሠራውን ወጥ ግን ከእርሷ ጋር አይበላም። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡት እንግሊዛውያን ናትናኤል ፒርስና ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ ቀጥቃጮች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለውን ወሬ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበትንም ጅብ ሳይቀር፣ በመጽሐፎቻቸው አስፍረውታል። በጎንደር አካባቢ ብረትና ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ስም ምን ያህል እንደተሰቃዩ ብዙ ተጽፏል፤ ሃጋር ሳላሞን የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ እነርሱ ላሳተመችው ጥናት የሰጠችው ርእስ «የጅብ ሕዝቦች» የሚል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ባለፈው ክረምት በሳሎኔ ተቀምጦ ነበር።

አሁን ስለ ሌላ ሰው የማወራ እንዳይመስላችሁ የራሴን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና በአገልግሎት ጎልማሳ ሳለሁ፣ ከሐይቅ ራቅ ባለ አንድ ጉባኤ ውስጥ የነፃ ማውጣት አገልግሎት እመራ ነበር። አንዲት ወጣት ወድቃ ትጮኻለች። እኔም እንደ ልማዳችን ማይክሮፎኑን አፏ ላይ አድርጌ፣ «ማነህ? ማን ላከህ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። መንፈሱ፣ ወይም ልጅቱ፣ የአንዲት ጎረቤት ስም ጠራ። «እርሷ ናት የበላችኝ» አለ። ጉባኤው አጨበጨበ፣ እልል አለ። ስሟ የተጠራው ሴት እንስራ እየሠራች ልጆች የምታሳድግ መበለት ነበረች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከእርሷ የሚገዛ ጠፋ። ልጆቿን ከጓደኞቻቸው ለዩአቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃዋን ጭና ወደ ኮምቦልቻ ሄደች ተባለ። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ሄጄ ፈልጌያታለሁ፤ አላገኘኋትም። ስሟን በድምፅ ማጉያ ለመንደሩ ያሰማሁት ጠንቋይ አይደለሁም፤ ደብተራም አይደለሁም። መጽሐፍ ቅዱስ በእጄ የያዝሁ የወንጌል አገልጋይ ነኝ።

ያን ቀን ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ ዘግይቼ ጠየቅሁ። ጌታችን ዲያብሎስን ሐሰተኛ፣ የሐሰትም አባት ብሎታል (ዮሐንስ 8፥44)። ታዲያ እኛ በጎረቤታችን ላይ ምስክር አድርገን የምናቆመው እንዴት ነው? በየትኛው ፍርድ ቤት ነው ሐሰተኛነቱ በዳኛው አፍ የታወቀ ምስክር ቃሉ የሚጸናው? ጌታ በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩሱን መንፈስ ዝም አሰኘው እንጂ ወሬ አልጠየቀውም (ማርቆስ 1፥25)። ያ መንፈስ እንዲያውም የተናገረው እውነት ነበር፤ የጌታን ማንነት መስክሮ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ዝም በል ተባለ። አንዳንድ ወንድሞች ጌታ በጌርጌሴኖን አገር ስሙን ጠይቆት የለም ወይ ይሉኛል (ማርቆስ 5፥9)። ጠይቆታል፤ የራሱን ስም። የጎረቤቱን ስም አልጠየቀውም። ስለዚህ በእኛ ጉባኤ «ማን ላከህ?» የሚለው ጥያቄ ከተከለከለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እንጸልያለን፣ በኢየሱስ ስም ውጣ እንላለን፤ ከዚያ ዝም እናሰኘዋለን። ሰዎች ዛሬም ነፃ ይወጣሉ። የቀረብን ነገር ቢኖር ጭብጨባው ነው።

ርኩስ መንፈስ የለም እያልሁ አይደለም። ያለው ግን በሸክላ ሠሪ ደም ውስጥ አይደለም። ኤፌሶን 6፥12 ውጊያችን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ ይነግረናል፤ ቡዳ የሚለው ወሬ ግን ውጊያውን ከሰማያዊው ስፍራ አውርዶ ከማዶ ሰፈር ጋር ያደርገዋል። ደግሞ የሐዋርያት ሥራን አንብቡ። ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በማን ቤት ነው? በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት (9፥43)። ሰውን ሁሉ ርኩስ እንዳይል የተማረበትን ራእይ ያየው በዚያው ቤት ሰገነት ላይ፣ የቁርበቱ ሽታ እየሸተተው ነው። በእኛ ሰፈር ቢሆን ጴጥሮስ ወዴት አደረ ብለን ስንት ስም እናወጣለት ነበር! ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። ጌታችን ራሱ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ጸራቢ ነበር፤ የናዝሬት ሰዎችም የናቁት በዚሁ ነው (ማርቆስ 6፥3)። ዘፍጥረት 2ን ስንከፍት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እጁን በአፈር የምናገኘው ማንን ነው?

ወደ ልጆቹ ጨዋታ ልመለስ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የጅብ ራስ ያላቸው ኖል የሚባሉ ሕዝብ አሉ። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም መሠረት አንድ የአጋንንት አለቃ ከጅቦች የፈጠራቸው ናቸው፤ ሲወለዱ ጀምሮ ክፉ፣ ማዘን የማይችሉ፣ ያለ ጥያቄ የሚገደሉ። ይህን ሳነብ የሳሎኑ ሳቅ ትዝ አለኝ። ኦርክ የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ የመጡት ከቶልኪን ልብ ወለድ ነው። ቶልኪን አማኝ ሰው ነበርና፣ አንድ ሙሉ ዘር መዳን እስከማይችል ክፉ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲያስጨንቀው እንደኖረ ከደብዳቤዎቹ ይታወቃል። የጨዋታው አሳታሚም በሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) ኦርክንና ሌሎችን ሕዝቦች በጅምላ ክፉ አድርጎ ማሳየቱ በእውነተኛ ሰዎች ላይ የተደረገውንና የሚደረገውን የጅምላ ስድብ እንደሚመስል አምኖ እንደሚያርመው አስታወቀ። ገበያ ፈልገው ነው የሚል አለ፤ ሊሆን ይችላል። ግን እኔ አፈርሁ። በወረቀት ላይ ላለ፣ ለሌለ ፍጥረት «በዘሩ ክፉ ማለት ልክ ነው ወይ?» ብለው የጠየቁት ተጫዋቾች ናቸው። እኛ፣ በእግዚአብሔር መልክ ስለ ተፈጠረ ሰው የምንሰብክ፣ ከጓዳ ሲኒ ስለምታጥበው ልጅ አልጠየቅንም።

ይህ ነገር በሸክላ ሠሪው ብቻ አይቆምም። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን አደባባይ ሰውን «የቀን ጅብ» ማለት ሲለመድ ብዙዎቻችን ስቀን አልፈነዋል፤ ቃሉ ከልጅነት ጀምሮ አፋችን ላይ ያለ ነውና አልጎረበጠንም። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ በ2014 እኛም ደጅ ደረሰ። ከሁሉም ወገን ሰው ሰውን በአውሬ ስም ሲጠራ ሰማን። አንድን ሰው ጅብ ነው ብለህ ከልብህ ካመንህ ቀጥሎ የምታደርገውን ማንም ሊያስተምርህ አያስፈልግም። ጅብ ሲመጣ የሚደረገውን እናውቃለን።

ሐይቅ የተወለደ ሰው ሁሉ የሚያውቃት የሐይቃችን ተረት አለች። ቦታው ድሮ ደረቅ ምድር ነበር አሉ። አንዲት ልዕልት በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ዋለች። እግዚአብሔር ተቆጣ፤ ምድሩ ሁሉ ከልዕልቲቱና ከወገኖቿ ጋር ውኃ ሆነ፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ቁራጭ መሬት ብቻ ተረፈ። ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ከየብስ ጋር የተያያዘው ደሴት ያ ነው ይላሉ። ተረት ነው፤ እንደ ወንጌል አልሰብከውም። ግን አባቶቻችን ይህን ሲተርኩ ከውኃው ውስጥ የሚወጣ ጭራቅ አላስፈለጋቸውም። አስፈሪዋ ልዕልቲቱ ነበረች። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸውና የእህቴ ልጅ ልዕልቲቱን በመዝገቡ ልጻፋት ብሎ ጠየቀኝ። ጻፋት አልሁት። «ቡዳ» የሚለውን ገጽ ደግሞ፣ እኔ ሳልናገር፣ ያነሣው ልጅ ራሱ ቀድዶ አወጣው። ልጅቱን ይቅርታ ሲጠይቃት ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሷም «እሺ» አለችው፤ ሌላ ምንም አላለችም፤ እኔም ሌላ እንድትል አላስገደድኳትም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ መጥታ የአንጥረኛ ሚና ወሰደች።

ስልክ ለደወለችልኝ እናት ስለ ጨዋታው ያስረዳሁት በአሥር ደቂቃ አለቀ። ልጅሽ ትምህርቱን ካልበደለ፣ ጸሎቱን ካልረሳ፣ የጨዋታውን ሰዓት አንቺ ከወሰንሽለት አትጨነቂ አልኳት። ከዚያ ጉዳዬን ነገርኳት፦ «ቅዳሜ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር የምንጠይቀው ቤት አለ፤ አብረሽን ትመጫለሽ?» የማን ቤት እንደሆነ ስነግራት ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «እስቲ ጌታ ቢፈቅድ» አለች በመጨረሻ።

ቅዳሜ መጣች። ሸክላ ሠሪዋ እህታችን ጉዝጓዙን ጎዝጉዛ፣ በራሷ እጅ በሠራችው ጀበና ቡና አፈላችልን። አቦሉ ሲቀርብ እንግዳዋ ሲኒዋን ተቀብላ ያዘችው እንጂ ወደ አፏ አላደረሰችውም፤ ቀዘቀዘ። ባለቤቴ አየችኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። ባለቤቲቱ ሲኒውን ምንም ሳትል ተቀብላ ደፋችው፣ አለቀለቀችውና ቶናውን ቀዳች። ለቶናው እንግዳዋ እጇን ዘረጋች፤ ጠጣችም። ቀጥሎ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ለጀበና የሚሆን አፈር ከየት እንደሚመጣ፣ ስለ ልጆቻቸው የፈተና ውጤት ሲያወሩ በረካው ደረሰ።